አጥር የዘጋው ውሃ

«ሰው ውሃ አጥቶ በሚሰደድበት ዓመት ለዱር እንስሳ ገንዳ መሙላት ቅንጦት ነው!» ይህን ቃል በቅርቡ ከአንድ የተከበሩ ወንድም አንደበት ሰማሁት። ከጁሙዓ ሰላት በኋላ ቡና ላይ የነበርነው አብዛኞቻችንም ራሳችንን በአዎንታ ነቀነቅን። ቤቴ ገብቼ ሳስበው ግን ነገሩ አልዋጥልህ አለኝ።

እስቲ በቅድሚያ ስለ ማን እንደምንነጋገር እንለይ። እ.ኤ.አ. ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ በቦረና፣ በሶማሌ ክልልና በሰሜን ኬንያ አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ከሽፈዋል። ከብቶቹ አልቀውበት በጀሪካን የቀረችውን ውሃ ለልጆቹ የሚቆጥበውን አርብቶ አደር «ለሜዳ ፍየል ቀንስላት» የሚል ጤነኛ ሰው የለም፤ ዲናችንም እንዲህ አይልም። ክርክሬ በወንዝ ዳር አጥሮ ካረሰው፣ ከራሱም ከከብቱም ከአዝመራውም የተረፈ የጉድጓድ ውሃ ካለው ባለይዞታ ጋር ነው። «ሰው ይቅደም» የሚለውን ቃል ጮክ ብሎ የሚናገረው ብዙውን ጊዜ እርሱ ነውና። ትርፉ ውሃ ግን ለሰውም ሲደርስ አላየንም!

በዚያው ድርቅ፣ እ.ኤ.አ. በታህሳስ 2021፣ በኬንያ ዋጂር፣ ሳቡሊ በተባለው የዱር እንስሳት ጥብቅ ቦታ፣ ስድስት ቀጭኔዎች ሊደርቅ ከተቃረበ ኩሬ ለመጠጣት ሲሞክሩ ጭቃ ውጧቸው ሞቱ። ሬሳቸውን የሚያሳየው ፎቶግራፍ በዓለም ዞሯል። በአጎራባቹ ጋሪሳ የጣና ወንዝ ያልፋል (ከእኛው ሐይቅ ጋር ስም ብቻ ነው የሚጋራው)። የአካባቢው የእንስሳት ተቆርቋሪዎች በወቅቱ እንደተናገሩት፣ በወንዙ ዳር የተስፋፋው እርሻ እንስሳቱን ከውሃው አግዷቸው ነበር። የኬንያ መንግሥት እ.ኤ.አ. ከየካቲት እስከ ጥቅምት 2022 ባሉት ወራት ብቻ በድርቁ የሞቱ 205 ዝሆኖችን፣ 381 የሜዳ አህዮችንና 12 ቀጭኔዎችን ቆጥሯል።

በድመት ምክንያት ስለተቀጣችው ሴት የሚናገረውን ሀዲስ ልጆቻችን እንኳ ያውቁታል። የተከሰሰችበትን ነገር ግን ልብ ብለን አይተነዋል? ክሱ ሁለት ነው፤ አላበላቻትም፣ ራሷ ፈልጋ እንድትበላም አለቀቀቻትም። ሁለተኛው ክስ ባይኖር ኖሮ ባለ አጥሩ «እኔ ምን አደረግኩ? ይህች ሚዳቋ የእኔ አይደለችም» ብሎ ባመለጠ ነበር። ወደ ወንዙ የሚወስደውን መንገድ በሽቦ ዘግቶ ግን በምን አፉ ይናገራል? ለውሻ ውሃ በጫማው የቀዳው ሰውዬም ቢሆን ውሻው የእርሱ አልነበረም። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) ትርፍ ውሃን ከመንገደኛ የከለከለውን ሰው እንዴት አጥብቀው እንዳስጠነቀቁ እናውቃለን። ፉቀሃዎችም የመስኖን መብት ከጥም መብት ለይተው፣ የጥሙን መብት «ሐቁ ሸፋ» ብለው ለሰውም ለእንስሳም አስቀምጠውታል።

«የበረሃ እንስሳ ውሃ አያስፈልገውም» የሚሉም አሉ። ሶማሌዎች ገረኑግ የሚሏት አንገተ ረጅም ፍጥረት ከቅጠል በምታገኘው እርጥበት እንደምትኖር አውቃለሁ። ቅጠል ባለበት ዓመት!

በሌላ በኩል ደግሞ ሳያውቁ በቸርነት የሚገድሉ አሉ። የተራበች አጋዘን ወይም ሚዳቋ በድንገት በቆሎ ቢደፋላት፣ ቅጠልና ቅርንጫፍ የለመደው ሆዷ እህሉን አይችለውም፤ ፈጥኖ ቦክቶ አሲድ ይሆንና ይገድላታል። የሚያስፈልጋት ውሃና የለመደችው ቅጠል ነው። ገንዳው ጥልቀት የሌለው ይሁን፤ ጥልቅ ከሆነም ግልገል ገብታ እንዳትሰጥም በአንድ ወገን ድንጋይ ይደርደርበት። በሽታ እንዳይተላለፍ ከቤትና ከከብት በረት ይራቅ፣ ቶሎ ቶሎም ይታጠብ። ውሃ አስቀምጦ ጠመንጃ ይዞ የሚያደባውንማ ምን ልበለው!

ያ ወንድም ባለፈው ሳምንት የአትክልት ቦታቸውን አስጎበኙኝ። ሞተሩ ከቆመ በኋላ በቱቦው የቀረው ውሃ በአጥሩ ውስጥ ባለች ቦይ እየፈሰሰ አሸዋ ላይ ይቀራል። ከሽቦው ውጪ፣ በዚያችው ቦይ ትይዩ፣ መሬቱ በትንንሽ ኮቴ ተደብድቧል። «ማታ ማታ ይመጣሉ» አሉኝ፣ በጣታቸው እያሳዩኝ።