ዕፅ የሚያድግበት ስፍራ



ብዙ ሰው ዛፍ እንደ ሰው ልጅ በመላ አካሉ የሚያድግ ይመስለዋል፤ ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። በዛፍ ግንድ ላይ ከደረት ትክክል ሚስማር ቢመቱበት፥ ዛፉ ከብዙ ዓመት በኋላ ከቤት ቢረዝም እንኳ ሚስማሩ ከዚያው ከፍታ ይገኛል። ዕፅ የሚያድገው አዲስ አካል በሚወልዱ ጥቂት ስፍራዎች ብቻ ነውና።

ፊተኛው በቅርንጫፍና በሥር ጫፍ ያለው ነው፤ ቁመትን የሚሰጥ እርሱ ነው። ፍየል የችግኙን ጫፍ በቀነጠሰች ጊዜ ቅጠል ብቻ የበላች ይመስለናል፤ የበላችው ግን የሚመጣውን ቁመት ነው። ከጎን ሌላ እምቡጥ ተነሥቶ ይተካው ይሆናል፤ ደጋግማ ከበላችው ግን ግንድ መሆኑ ቀርቶ ቁጥቋጦ ሆኖ ይቀራል።

ሁለተኛው በቅርፊትና በእንጨት መካከል ያለው፥ ከወረቀት የሳሳው ነው። ወደ ውስጥ እንጨትን ይሠራል፤ ወደ ውጭም ቅጠል ያዘጋጀውን ምግብ ወደ ሥር የሚያወርደውን ልጥ ይሠራል። ስለዚህ ለመድኃኒትም ሆነ ለገመድ ዙሪያውን የተላጠ ዛፍ ሥሩ ይራባል። ቅጠሉ ለወራት ለምለም ሆኖ ሊቆይ ስለሚችል፥ በደረቀ ጊዜ የላጠው ሰው ይረሳና ድርቅ ገደለው ይባላል። እርሻ ለማስፋት የሚሻ ሰውም ይህን ዐውቆ የመጥረቢያ ድምፅ ሳያሰማ ዛፉን ይገድላል። ዳኞች ይህን እንደ መቍረጥ ቢቈጥሩት እወዳለሁ።

ሦስተኛው የሣር ወገን ነው፤ በአንጓውና በቅጠሉ ግርጌ ስለሚያድግ፥ ከብት ላዩን ቢግጠው ከታች ይመልሳል። ሣር የቻለውን ግጦሽ ችግኝ አይችለውም።

ገበሬያችን ይህን ከመጽሐፍ አላገኘውም። የጉራጌና የሲዳማ ሰው እንሰቱን ቆርጦ፥ የአሚቾውን የመካከል ቡቃያ ፍቆ አውጥቶ በአፈር ይቀብረዋል፤ ዋናው ጫፍ ሲጠፋ የተኙት እምቡጦች ነቅተው ከአንዱ ብዙ ችግኝ ይወጣል። ባሕር ዛፍም ከተቈረጠ በኋላ ከጉቶው ያቈጠቍጣል፤ ጽድ ግን አያቈጠቍጥም። ታዲያ ለሁለቱ አንድ ዐይነት የመቍረጥ ፈቃድ እንዴት ይሰጣል?

ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉ ተነግሮ ነበር። ቍጥሩን አልነቅፍም፤ ነገር ግን ወደ በላይ የሚላከው ወረቀት የተተከለውን ብቻ የሚናገር ከሆነ ነገሩ ጎደሎ ነው። እያንዳንዱ ወረዳ ከሁለተኛው ክረምት በኋላ ጫፉ ያልተቀነጠሰውን፥ ልጡም ያልተገፈፈውን ቈጥሮ ቢጽፍ ይሻላል። እስከዚያ ድረስ ከብት ከተተከለው ስፍራ ይራቅ፤ ሣሩን የሚፈልግ ሰው ግን በማጭድ አጭዶ እንዲወስድ ይፈቀድለት።