«በሞቴ» እያልን አንገዳደል!

እኛ አገር ሰው ለሰው ያለውን ፍቅር የሚገልጸው በጉርሻ ነው። አውዳመት በመጣ ቁጥር ደግሞ ፍቅራችን መጠን ያጣል። እንግዳ «ጠግቤያለሁ» ሲል የሚሰማው የለም። «በሞቴ!» ይባላል። እሺ ብሎ ሲጎርስ «አንድ ጉርሻ ያጣላል» ይባላል። ሁለተኛውን እንደ ምንም ሲውጥ ሦስተኛው ከአፉ ደጃፍ ደርሶ ይጠብቀዋል። እምቢ ካለማ ጉድ ፈላ! «ምነው፣ ምግባችን አልጣመህም? ኮራህብን?» ይባላል። የቤቱ እመቤት ፊቷ ይጠቁራል፣ ባልየው ያኮርፋል፣ ሳምንቱን ሙሉ በስልክ ይወራል።

በቅርብ የማውቃቸው አንድ ጡረታ የወጡ መምህር አሉ። ስኳር ካለባቸው ከአሥር ዓመት በላይ ሆኗቸዋል። በሽታቸውን አክብረው የሚኖሩ ጠንቃቃ ሰው ናቸው። አንድ ፋሲካ ላይ እህታቸው ቤት ተጠሩ። ዶሮው ቀረበ፣ ክትፎው ቀረበ፣ ጠጁ ተቀዳ። «አይሆንልኝም» አሉ። እህት ሆዬ «ጋሼ፣ በሞቴ! ለአንድ ቀን ምን ትሆናለህ?» አለች። ከዚያም በላይ፣ ሰውዬው መጠጥ ልቅመስ ብለው በዚያን ዕለት መድኃኒታቸውን ሳይወስዱ ቀሩ። (ይኼን የሚያደርገው ሰው ብዛቱ! «መድኃኒቱና መጠጡ ይጣላሉ» እያለ መድኃኒቱን የሚተው እንጂ መጠጡን የሚተው አላየሁም።) በማግሥቱ ሆስፒታል ገቡ። ስምንት ቀን ተኙ። እህትየው ኮሪደር ላይ ቆማ ስታለቅስ ያየ ሰው ፍቅር ማለት ምን እንደሆነ ግራ ይገባዋል። የገደለቻቸው መስሏት ነበር። እግዚአብሔር ይመስገን ተርፈዋል።

እስቲ «ለአንድ ቀን» የምትለዋን ነገር እንመርምራት። እውነት የእኛ አውዳመት አንድ ቀን ነው? ዓቢይ ጾም 55 ቀን ተጾሞ ሌሊት ቅዳሴ ሲያልቅ ይፈሰካል። እሑድ በራስ ቤት ይበላል። ሰኞ እናት ቤት፣ ማክሰኞ አማት ቤት፣ ረቡዕ የክርስትና አባት ቤት። ቅርጫው እስኪያልቅ ጥብሱ ይቀጥላል። ከትንሣኤ እስከ ጰራቅሊጦስ ባለው 50 ቀን ደግሞ ረቡዕና ዓርብም አይጾምም። ቤተ ክርስቲያን ጾሙን ስታነሳ «ሥጋ ሳትበሉ እንዳታድሩ» ብላ ያዘዘች የሚመስለን ብዙዎች ነን። የተነሳው ክልከላው ነው እንጂ በግድ ብሉ የሚል ቀኖና እኔ አላየሁም። እንግዲህ «አንድ ቀን» የምንለው ሲቆጠር ሃምሳ ይሆናል ማለት ነው።

ለዚህ ሁሉ ምክንያት አለው። ሕዝባችን ሆዳም ስለሆነ አይደለም። የ1977ን ረሃብ ያየ ትውልድ ገና በሕይወት አለ። ረሃብ ያየ ሰው ማዕዱን ሞልቶ ማየት ይወዳል፤ በእሱ አይፈረድም። ቀጥሎ ደግሞ የኤች አይ ቪ ዘመን መጣ። ያኔ የከሳ ሰው ሁሉ ተጠርጣሪ ነበር። ክሳት ማለት ሐሜት ማለት ሆነ። ለዚህ ነው ዛሬም ድረስ «ወፍረሃል፣ አምሮብሃል!» ምርቃት፣ «ምነው ከሳህ፣ አመመህ እንዴ?» ደግሞ ሐዘኔታ ሆኖ የቀረው። ቦርጭ የሹመት ምልክት የሆነበት አገርም ይኸው የእኛው ነው። ሰውየው ወንበር ላይ በወጣ በዓመቱ ኮቱ አልዘጋ ይላል። እኛም «ተመቸው» እንላለን። ሐኪም ግን እንዲያ አይልም። የወንድ ወገብ ዙሪያ ከ94 ሴንቲሜትር፣ የሴት ከ80 ሴንቲሜትር ካለፈ ለስኳርም ለልብም በር ተከፍቷል ይላል። ልብስ ሰፊ ቤት ያለችው ሜትር ይህን ለመለካት ትበቃለች።

አንዳንዱ ዘመናዊ ነኝ ባይ ይኼን ሲሰማ «የባህል ምግባችን ነው የገደለን» ይላል። እኔ በዚህ አልስማማም። ባህላችን መጠን ያውቅ ነበር። ዶሮ ለምን 12 ብልት እንደሚወጣላት አስባችሁ ታውቃላችሁ? አንዲት ዶሮ አንድን ቤት ሙሉ ሰው እንድታዳርስ ነው። ፈረሰኛው የአባወራው ነው፣ ሌላው ብልት እንደየማዕረጉ ለየሰው ይደርሳል፣ ለአንድ ሰው አንድ ብልት፣ አንድ እንቁላል። አለቀ። የቀረውን እንጀራው ይሞላዋል። እናቶቻችን ካሎሪ የሚባል ቃል ሳይሰሙ በጭልፋቸው ይመጥኑን ነበር። የዛሬው ያለው ሰው ግን ለአምስት ሰው አራት ዶሮ ያሳርዳል፣ በላዩ በግ ይጨምራል፣ ከቅርጫውም ሁለት መደብ ይወስዳል። ከዚያ ደሙ ሲወፍር ባህሉን ይከሳል! የቅርጫስ ነገር ቢሆን የተጀመረው አንድ በሬ ለመንደር እንዲበቃ እንጂ አንድ ሰው ፍሪጅ እንዲሞላ ነው?

ቁጥሩን ካነሳን አይቀር እንናገረው። ስብ በአንድ ግራም 9 ካሎሪ አለው፤ ፕሮቲንና እህል 4 ናቸው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ንጥር ቅቤ 120 ካሎሪ ገደማ ነው። እሷን ለማቃጠል ግማሽ ሰዓት ያህል ፈጠን ብሎ መራመድ ይጠይቃል። አሁን ክትፎው ላይ ስንት ማንኪያ እንደሚፈስስ ራሳችሁ ቁጠሩ። አንድ ጠርሙስ ለስላሳ ውስጥ ወደ 8 የሻይ ማንኪያ ስኳር አለ። ልጆቻችን በአውዳመት ቀን በየሄዱበት ቤት አንድ አንድ ይከፈትላቸዋል። ጨው በቀን ከ5 ግራም፣ ማለትም ከአንድ የሻይ ማንኪያ፣ እንዳያልፍ የዓለም ጤና ድርጅት ይመክራል። የእኛ ሚጥሚጣና አዋዜ ግን ጨው አለባቸው ብሎ የሚጠረጥራቸው የለም። ሪህ ያለበት ሰው ደግሞ ዱለቱንና ቢራውን አንድ ላይ ካገኘ ሌሊቱን የእግሩ አውራ ጣት ታስጮኸዋለች። ያየው ያውቀዋል።

«ሆድን በጎመን ቢደልሉት፣ ጉልበት በዳገት ይለግማል» የሚል ተረት አለን። ይህ ተረት በጎመን ላይ የሠራው ግፍ ተነግሮ አያልቅም! ገበሬው ቀኑን ሙሉ ሲያርስ ለዋለ ሆዱ እውነት ነው። ቢሮ ወንበር ላይ ተቀምጦ ውሎ በታክሲ ቤቱ ለሚገባው ከተሜ ግን ዳገቱ የታለ? በዓል ቀን ማዕዱ ላይ ጎመን በአይብ አለ እኮ፤ ማን ያየዋል? ዳር ላይ ለጌጥ ተቀምጦ ይውላል። መጀመሪያ ከእሱ ቢጀመር፣ ሰላጣውም ቢከተል፣ ዶሮው ሲመጣ ሆድ ግማሽ መንገድ ሄዷል። ሌሊት ከቅዳሴ ተመልሶ ተልባ ጠጥቶ መፈሰክም የቆየ ብልሃት ነው። ባዶ የከረመ ጨጓራ ላይ ቅቤና በርበሬ ከማፍሰስ በፊት ማለዘቢያ። አሁን አሁን ተልባን ወደ ጎን ብለን በቀጥታ ጥብስ ላይ ነው የምንሰፍረው።

ሐኪሞቻችንም ከወቀሳ አያመልጡም። በአንድ ክሊኒክ ስኳር ላለበት ዘመዴ የተሰጠውን የአመጋገብ ወረቀት አይቼዋለሁ። ብሮኮሊ ብላ ይላል። አጃ ቁርስ፣ የወይራ ዘይት፣ ሳልሞን የሚባል ዓሣ። ሰውየው የሚኖረው ሽሮ ሜዳ ነው። ብሮኮሊ የት ሊያገኝ ነው? ስለ እንጀራ መጠን፣ ስለ ዶሮ ወጥ፣ ስለ ጠላ አንዲት ቃል የለችበትም። የሚበላው ነገር ያልተጻፈበት ወረቀት ኪስ ውስጥ ታጥፎ ይቀራል፣ ቀረም። በ2014 ዓ.ም. የኢትዮጵያ የአመጋገብ መመሪያ ወጥቷል ተብሎ ነበር፤ ደግ ተሠርቷል። ግን ከአዳራሽ ስብሰባ ወጥቶ የትኛው ጤና ጣቢያ ግድግዳ ላይ ተለጠፈ? ያየ ሰው ካለ ይንገረኝ።

ወደ መንግሥት ከመጣን ጨዋታው ይመራል። በ2003 ዓ.ም. የዋጋ ተመን ወጥቶ ገበያው ሲደርቅ፣ በሸማቾች ማኅበራት በኩል በሰልፍ ለሕዝብ ይታደል የነበረው ዘይት በአብዛኛው ምን ነበር? የፓልም ዘይት! ብርድ ሲነካው የሚረጋው። ከውስጡ ግማሽ ያህሉ ሐኪሞች ሳቹሬትድ የሚሉት ስብ ነው። ሕዝቡ ለዓመታት ጾሙንም ፍስኩንም በዚያ ዘይት አሳለፈ። ጾም ስለሆነ ብቻ ቀላል ነው ያለ ማን ነው? በዘይት የተጠበሰ ድንች፣ በዘይት የዋኘ ሽሮ፣ ነጭ ዳቦ በሻይ፣ ሻዩ ላይ አራት ማንኪያ ስኳር። ይህን 55 ቀን በልቶ የመጣ ሰው ሲፈስክ ቅቤው ብቻ ነው ተጠያቂው? ከለስላሳውም ከቢራውም መንግሥት ኤክሳይዝ ታክስ ይሰበስባል። ከዚያ ገንዘብ ስንቱ ተመልሶ ለስኳር በሽተኛ መድኃኒት እንደሚውል የሚነግረን ግን አላጋጠመኝም።

ደግሞ በዓል ድሮ መብላት ብቻ አልነበረም። ገና ሲመጣ ሜዳ ወጥቶ ገና መጫወት ነበር። ጎረምሳው በሩር ሲያባርር ይውልና ላቡ ጠብ እስኪል ይሮጣል። «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» የተባለው ዝም ብሎ አይደለም። ቡሄ ላይ ልጆች ሆያ ሆዬ እያሉ ሰፈሩን ያዳርሳሉ፤ እንቁጣጣሽ ላይ ልጃገረዶቹ ከቤት ቤት ይዞራሉ። ዛሬ ገና የሚጫወተው ማን ነው? ሜዳውስ የታለ? በየሰፈሩ የነበረው ሜዳ በቆርቆሮ ታጥሮ ለባለሀብት ሆኗል። የቀረልን በዓል ሶፋ ላይ ተቀምጦ የቴሌቪዥን የበዓል ፕሮግራም እያዩ መብላት ነው። እውነቱን ለመናገር በ2011 ዓ.ም. በተጀመረው መኪና አልባ ቀን አስፋልት ላይ የወጣው ሕዝብ ደስ ይል ነበር። በ2016 ዓ.ም. የተጀመረው የኮሪደር ልማትም ሰፋፊ የእግር መንገድ አምጥቷል፤ ይህን መካድ አልፈልግም። ብቻ በዚያ የእግር መንገድ ላይ ቤታቸው የነበሩት ሰዎች አሁን ዘመድ ለመጠየቅ ሁለት ታክሲ መያዝ ግድ ሆኖባቸዋል።

«ስለ መወፈር ትጽፋለህ፤ እኛ የሚበላ መች አገኘን?» የሚለኝ አንባቢ እንዳለ አውቃለሁ። እውነቱን ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ ይወሰን ከተባለ ወዲህ የአውዳመት ገበያ የሚገባ ሰው ዋጋ ጠይቆ ዝም ብሎ የሚመለስበት ጊዜ ብዙ ነው። ዶሮ ከሺህ ብር በላይ ወጥታለች። በየበዓሉ ባለሥልጣናት በካሜራ ፊት ማዕድ ሲያጋሩ እናያለን፤ ዘይቷና ዱቄቷ ከፎቶው ቀጥላ ስንት ቀን እንደምትቆይ የምታውቀው ተቀባይዋ ናት። ነገር ግን ስኳርና ደም ግፊት የሀብታም በሽታ ነው የሚለው ነገር ውሸት ነው። ዓመቱን ሙሉ በዳቦና በሻይ የኖረ ሰውነት፣ ርካሽ ዘይት የጠገበ ደም ሥር፣ በዓመት ሦስቴ ደግሞ ተበድሮ የሚበላ ድግስ፤ ይህ ሁሉ ድሃውንም ያገኘዋል። ልዩነቱ ሀብታሙ በየወሩ ይመረመራል፣ ድሃው በሽታውን የሚያውቀው ሲወድቅ ነው።

ስለዚህ ለባለ ድግሶች የምለው አለኝ። ስኳር ያለበት እንግዳ እንዳላችሁ ካወቃችሁ አስቀድማችሁ ጠይቁት፤ «ምን ይሻልሃል?» ማለት ነውር አይደለም። ሳህን ለየብቻ ስጡት፤ ከአንድ ትሪ ሲበላ ስንት እንደበላ አያውቀውም። ለስላሳና ጠጅ ብቻ አትደርድሩ፤ ውኃም መጠጥ ነው። ወጥ ስትሠሩም ሽንኩርቱ በደንብ ከተቁላላ ቅቤው ቢቀነስ የሚያውቅባችሁ የለም፤ ባለሙያ ሴቶች ይህን ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ። ለእንግዶችም ቢሆን፣ ለማታው ድግስ ብላችሁ ጠዋትና ቀን ጦማችሁን አትዋሉ። እንዲያ የሚያደርግ ሰው ማታ ማዕዱ ላይ ሲደርስ መገደብ አይችልም። መድኃኒታችሁን አትዝለሉ፤ የጾም ሰዓት ካስቸገራችሁ ሐኪማችሁንም የነፍስ አባታችሁንም አማክሩ፤ ሕመምተኛን ጾም የሚያስገድድ የነፍስ አባት አላውቅም። እስላም ወገኖቻችንም ረመዳን ላይ ይኸው ፈተና አለባቸው። ቴምርና ውኃ ተብሎ የተጀመረው ፊጥራ ሳምቡሳና ጣፋጭ ተራራ ላይ ይጨርሳል።

ለጤና ሚኒስቴር ደግሞ አንዲት ነገር ብቻ እንጠይቅ። በአውዳመት ዋዜማ ቴሌቪዥኑ የሚነግረን በሬ ስንት ገባ፣ በግ ስንት ገባ የሚለውን ነው። በዚያው ሳምንት በየጤና ጣቢያው ደምና ስኳር በነፃ ይለካ። በባዶ ሆድ የተለካው ስኳር 126 ከደረሰ ሰውየው ሳይፈስክ በፊት ይወቀው፤ ግፊቱ 140 በ90 ከሆነም እንደዚያው። የበሬውን ዋጋ ከነገሩን አይቀር የስኳር መለኪያዋ ወረቀት የት ጤና ጣቢያ እንዳለችም አብረው ይንገሩን።