መዝገብ ያዡ ፕሮፌሰር

ከዓምዱ አዘጋጅ፣ ሉማሜ

በ1989 ዓ.ም. በጎጃም መሬት ሲሸነሸን ለገበሬው አዲስ ስም ወጣለት። በደርግ ዘመን የገበሬ ማኅበር ሊቀ መንበር ወይም ጸሐፊ የነበረ፣ ሚሊሻ ሆኖ ጠብመንጃ የያዘ ሁሉ «ቢሮክራት» ተባለ። ዘሩ ከባላባት የሚመዘዝ ደግሞ «ቀሪ ፊውዳል»። ይህ ስም የተለጠፈበት ሰው ከአራት ጥማድ በላይ እንዳይዝ ተወሰነበት፤ ለሌላው ጣሪያው አሥራ ሁለት ጥማድ ነበር። አራት ጥማድ አንድ ሄክታር ነው። ሰባት ስምንት ነፍስ ላለበት ቤት ይህ ምን ማለት እንደሆነ ለእኛ ለአዋበል ወረዳ አንባቢ አላስረዳም። የተከፋው ገበሬ ቀበሌ ሄደ፣ ወረዳ ሄደ፤ ሰሚ ሲያጣ ዓባይን ተሻግሮ አዲስ አበባ ድረስ አቤት ያለም ነበር። ገበሬውን ደግፈው ሰልፍ ሊወጡ የሞከሩ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ታፈሱ።

ያን ሰሞን የገበሬውን አቤቱታ ሰምተው በወረቀት ካሰፈሩት ጥቂቶች አንዱ የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ጉባኤ ነበር፤ በአጭሩ ኢሰመጉ። በ1984 ዓ.ም. መጀመሪያ በ32 ሰዎች የተመሠረተ ማኅበር ነው። ሊቀ መንበሩ ፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያም ጎጃሜ አልነበሩም። በ1922 ዓ.ም. አዲስ አበባ ተወልደው፣ ሕንድና አሜሪካ ተምረው፣ አብዛኛውን የሥራ ዘመናቸውን ጂኦግራፊ በማስተማር የገፉ ሰው ነበሩ። መስከረም 19 ቀን 2013 ዓ.ም. በ90 ዓመታቸው ኮሮና ወሰዳቸው።

ስማቸው በተነሣ ቁጥር የሚወራው ድፍረታቸው ነው። ድፍረትማ በዚህ አገር መች ጠፋ፤ ጎጃም ላይ እንደሆነ ከጤፍ ቀጥሎ የሚበቅለው እሱ ነው። እኔ ከሳቸው ሥራ ይበልጥ የምፈልገው ብዙ የማይወራለትን ነው፦ መዝገብ መያዛቸውን።

የኢሰመጉን የዚያን ዘመን መግለጫዎች ያነበበ ሰው አጻጻፉን ያስታውሰዋል። የተገደለው ሰው ስም ከነአባቱ፣ ዕድሜው፣ ሥራው፣ የተገደለበት ቦታ፣ ቀኑ። የታሰረም ከሆነ መቼና የት እንደታሰረ። ቅጽል አይበዛበትም፤ ሙሾ አይወርድበትም። ለማንበብ ደረቅ ነው፤ እውነቱን ለመናገር አንዳንዱን ገጽ ለመጨረስ ትዕግሥት ይጠይቃል። ግን «በርካታ ንጹሐን» የሚባል ነገር እዚያ የለም። ንጹሑ ስም አለው፤ ስም ስላለውም መንግሥት ሊያስተባብል ቢፈልግ በዚያ ሰው ስም መጥቶ ማስተባበል ነበረበት።

ፕሮፌሰሩ ይህ ነገር የገባቸው ኢሰመጉን ከመመሥረታቸው በፊት፣ ረኃብን ሲያጠኑ ይመስለኛል። እ.ኤ.አ. ከ1958 እስከ 1977 በኢትዮጵያ ገጠር የደረሰውን ረኃብ የመረመሩበት የእንግሊዝኛ መጽሐፋቸው በአንድ ክርክሩ ይታወቃል፤ ድርቅ ከሰማይ ቢመጣም ረኃብ የሚሠራው ምድር ላይ ነው፤ ገበሬው የሚያልቀው ዝናብ ስለቀረ ብቻ ሳይሆን ለክፉ ቀን የሚሆን ጥሪት እንዳይተርፈው የሚያራቁተው ሥርዓት ስላለ ነው ይላል። እኔን ግን ከዚያ መጽሐፍ የማይለቀኝ አንድ ቁጥር ነው። በ1958 ዓ.ም. ወሎ ላይ ረኃብ ሲገባ ወሬው ከአንዱ ጽሕፈት ቤት ወደ ሌላው ሲንከባለል ቆይቶ ንጉሠ ነገሥቱ ጆሮ የደረሰው በ302 ቀኑ ነው። ዓመት ሊሞላው ሁለት ወር ቀርቶት። ከላይ የወረደው ምላሽ ደግሞ የሞቱት ሰዎች ስም ዝርዝር ይላክ የሚል ነበር። እህል የሚጠብቅ ሕዝብ ዝርዝር ተጠየቀ።

ዝርዝር እንግዲህ እንዲህም ይሆናል፤ ጊዜ መግዣ፣ አላመንኩም የማለት ጨዋ ዘዴ። ልዩነቱ ማን ለማን እንደሚያዘጋጀው ላይ ነው። ሹሙ ከታች ያዘዘው ዝርዝር አለ። ማንም ሳያዝዘው ከታች ተጽፎ ሹሙ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥም አለ። መስፍን የኋለኛውን ነው የሠሩት፤ ያውም ነገሩ ገና ትኩስ ሳለ፣ ሥርዓቱ እስኪወድቅ ሳይጠብቁ።

የጽሕፈት ሥራ ሰላማዊ ይመስላል፤ ዋጋው ግን ሌላ ነበር። መሬቱ በተሸነሸነበት በዚያው ዓመት፣ ሚያዝያ 30 ቀን 1989 ዓ.ም.፣ የኢሰመጉ ሥራ አስፈጻሚ አባልና የመምህራን ማኅበር መሪ የነበሩት አቶ አሰፋ ማሩ ጠዋት ወደ ሥራ ሲሄዱ አዲስ አበባ ላይ በፖሊስ ጥይት ተገደሉ። በአራተኛው ዓመት፣ ቀኑ እንኳ ሳይዛነፍ ሚያዝያ 30፣ ፕሮፌሰር መስፍንና ዶክተር ብርሃኑ ነጋ ታሰሩ። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ስለ ሰብዓዊ መብት ተናግረው ነበርና፣ ከዚያ በኋላ የተነሣው የተማሪ ዐመፅ በእነሱ ተላከከ። አንድ ወር ያህል ቆይተው በዋስ ወጡ። ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ ከተቃዋሚው ቅንጅት መሪዎች ጋር ሲታሰሩ ዕድሜያቸው 75 ነበር፤ የወጡት በሐምሌ 1999 በይቅርታ ነው። ማኅበሩም አልተረፈም። በ2001 የወጣው አዋጅ ቁጥር 621 በመብት ላይ የሚሠራ ድርጅት ከገቢው ከመቶ አሥሩን ብቻ ከውጭ እንዲያገኝ ፈቀደ፤ የኢሰመጉ የባንክ ገንዘብ ታገደ፣ ሠራተኛው ተበተነ። አዋጁ በ2011 ተለወጠና ተስፋ ተደረገ። በ2017 ደግሞ እንደገና እገዳ ወረደበት። በዚህ ሁሉ ዘመን ይህን መዝገብ የወደደ ሹም አልተገኘም፤ ለእኔ ይህ ከማንኛውም ሽልማት የበለጠ ምስክር ነው።

አሁን ወደሚቆረቁረው። ጎጃም ላይ የመስፍንን ስም ያነሣ ሰው ብዙ ጊዜ የሚያገኘው መልስ «አማራ የሚባል የለም ያሉት ሰውዬ አይደሉም ወይ?» የሚል ነው። አዎ፣ ናቸው። የሽግግሩ ዘመን ሲጀምር በቴሌቪዥን የተናገሩት ነው። ከሚያውቁት ጂኦግራፊና ታሪክ ተነሥተው የተከራከሩ መስሏቸው ይሆናል፤ በአማራነቱ እየተባረረ ለነበረ ሰው ግን ያ ክርክር ስንቅ አልሆነውም። በዚህ ነገር ከሳቸው ጋር አልስማማም። ሆኖም የጎጃም ገበሬ «ቢሮክራት» ተብሎ መሬቱን ሲነጠቅ፣ የለህም ያሉት ሰው የመሩት ማኅበር በደሉን ጻፈለት፤ አለህ የሚለውና በስሙ ክልሉን ያስተዳድር የነበረው ድርጅት ገመዱን ጣለበት። ተከራካሪው መስፍንና መዝጋቢው መስፍን አንድ ሰው ናቸው። ከሁለቱ አንዱን ምረጥ ብባል ግን መዝጋቢውን ነው።

ሌላም አለ። በ1966 ዓ.ም. የቀድሞ ባለሥልጣናትን እንዲመረምር የተቋቋመውን መርማሪ ኮሚሽን የመሩት እሳቸው ነበሩ። ኮሚሽኑ ምርመራውን ሳይጨርስ ኅዳር 14 ቀን 1967 ደርግ አብዛኞቹ የቀድሞ ባለሥልጣናት የሆኑ ወደ 60 የሚጠጉ ሰዎችን ያለ ፍርድ ረሸነ። ግድያው የኮሚሽኑ አይደለም። ነገር ግን ምርመራ ጠብመንጃ ከያዘ አካል ጎን ሲቀመጥ ምን እንደሚሆን ከዚያ በላይ የሚያሳይ የለም፤ ኋላ ኢሰመጉን ከመንግሥትም ከፓርቲም ውጭ ማቆማቸው ከዚያ የመጣ ይመስለኛል። ለዚህ ነው በ1997ቱ ምርጫ ዋዜማ ራሳቸው ወደ ፓርቲ ፖለቲካ መግባታቸው የሚያስቆጨኝ። ለዓመታት ፊሽካ የያዘ ዳኛ ማልያ ለብሶ ሜዳ ከገባ በኋላ የቀድሞ ፍርዱ ሁሉ ይመረመርበታል። ተቃዋሚዎቻቸውም አልማሯቸውም፤ ከአሥር ዓመት በላይ የተያዘውን መዝገብ «የፖለቲከኛ ወረቀት» ለማለት ጥሩ ሰበብ አገኙ።

ይህን ሁሉ ሉማሜ ላይ ቁጭ ብዬ የምጽፈው ለታሪክ አይደለም፤ እኛ ራሳችን መዝገብ ስለሌለን ነው። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ሲመጣ ጎጃም «ርስቴ ሊለካ ነው» ብሎ ተነሣ፤ ሞጣ፣ ቢቸና፣ ዳሞት ተያያዘ። ጦር ዘመተ፣ አውሮፕላን መንደር ደበደበ። በመጨረሻ ጠቅላይ ገዥው ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ ከቦታቸው ተነሡ፤ ንጉሡ ራሳቸው መጥተው የግብሩ ውዝፍ ተማረ። ገበሬው አሸነፈ እንበል። ሽለላውና ቀረርቶው እስከ ዛሬ አለ። የትኛው ቀበሌ ግን በዚያ ዓመት የሞቱበትን ሰዎች ስም አውጥቶ ማንበብ ይችላል?

ከሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ወዲህ በመንግሥት ኃይልና በፋኖ መካከል የቀጠለው ውጊያ ደግሞ የቅርቡ ነው። ጥር 20 ቀን 2016 መራዊ ላይ የሆነውን የምናውቀው የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን ቢያንስ 45 ሲቪሎች በመንግሥት የጸጥታ ኃይሎች መገደላቸውን ስላረጋገጠ ነው። መራዊ አስፋልት ዳር ያለች፣ ስልክም ሰውም የማያጣት ከተማ ናት። ከአስፋልቱ ወጣ ያለው ቀበሌስ? ኔትወርክ በሌለበት ሳምንት በከባድ መሣሪያ የተመታው፣ በታጣቂ ታግቶ ቤተሰቡ ገንዘብ የተጠየቀበት፣ «የመንግሥት ሰው ነህ» ተብሎ የተገደለው መምህር፣ «የፋኖ ቤተሰብ ነህ» ተብሎ የተወሰደው ሽማግሌ? በፌስቡክ የሚንጫጫው ሁሉ የየራሱን ወገን ሬሳ ይቆጥራል፤ የሌላኛውን «ጠላት» ብሎ ያልፋል። ቁጥሩ እንደ ጫት ቤት ወሬ ሲሄድ ያድጋል። በዚህ ዓይነት የተጋነነው ቁጥር እውነተኛውን ሟች ጭምር ነው ውሸታም የሚያደርገው።

ያገሬ ሽማግሌ ደም ሲያደርቅ መጀመሪያ ይቅር ተባባሉ አይልም። ማን ማንን፣ የት፣ በምን ምክንያት ገደለ ብሎ ይጠይቃል፤ ካሣውም ዕርቁም ከዚያ በኋላ ነው። አውጫጭኝም ቢሆን ሕዝቡን ሰብስቦ የሚያውለው ይህንኑ ለማወቅ ነበር። መንግሥት በሚያዝያ 2016 የሽግግር ፍትሕ ፖሊሲ አጽድቋል። ነገ አንድ አጣሪ ሉማሜ ወይም ቢቸና መጥቶ ጠረጴዛ ዘርግቶ ቢቀመጥ ምን እናቀርብለታለን? «ብዙ ሰው አለቀብን» ብሎ አልቅሶ መመለስ? ቺሊ ላይ የፒኖቼ አገዛዝ ሰው ሲያጠፋ የሳንቲያጎ ካቶሊካዊት ቤተ ክርስቲያን እ.ኤ.አ. በ1976 የሰዎችን አቤቱታ የሚቀበልና የሚመዘግብ ጽሕፈት ቤት ከፈተች። አገዛዙ አልፎ እ.ኤ.አ. በ1990 አጣሪ ኮሚሽን ሲቋቋም ሥራውን ከባዶ አልጀመረም፤ ያ መዝገብ ጠበቀው። በእኛ አገር ቀይ ሽብር የተመረመረው ከምስክር ሌላ በአመዛኙ ደርግ ራሱ ትቶት በሄደው ወረቀት ነው። ገዳይ ሁልጊዜ እንዲህ ወረቀት ጥሎ አይሄድም።

ኢሰመጉ እስኪደርስልን መጠበቅ አይገባም፤ አይደርስምም። እዚህ የሞተ ሰው ሁሉ ዕድር አለው፤ ዕድሩ ጸሐፊ አለው፤ ደብሩም ፍታት ያደረሰለትን ያውቃል፤ መስጊዱም የቀበረውን። ለመዋጮ የምንይዘውን ዓይነት ደብተር ነው የምለው፤ ስም ከነአባት፣ ዕድሜ፣ ሥራ፣ ቦታ፣ ቀን፣ ያየ ሰው። በማን ተገደለ የሚለው ካልታወቀ ክፍት ይሁን፤ በግምት ከሚሞላ ይሻላል። ወታደርም ቢሆን ፋኖም ቢሆን ሚሊሻም ቢሆን በአንድ ደብተር ይግባ፤ የወገን መለያ አይደረግበት። ጻፍ የሚባለው ሰው አደጋ እንዳለበት አውቃለሁ፤ ስለዚህ የጸሐፊው ስም ደብተሩ ላይ አይኑር፣ ግልባጩም ወረዳው ውስጥ አይቅር፣ ደብረ ማርቆስ ወይም አዲስ አበባ የታመነ ሰው ጋ ይቀመጥ። መነሻውን ሐምሌ 2015 ማድረግ ይቻላል። ምስክሮቹ አሁንም በሕይወት አሉ፤ ቀኑን የሚያስታውሱት በየበዓሉ ስለሆነ ለማመሳከር አይከብድም፤ ይሄ የሞተው በፍልሰታ ጾም ነው፣ ያ ደግሞ ለጥምቀት ዋዜማ።