እድራችን ለሴት ተማሪዎችም ይድረስ

ዛሬ አስተያየቴን የምሰጠው ብዙዎቻችን ጮክ ብለን ስለማናወራው ነገር ነው።

አምና 7ኛ ክፍል እያለን አንዲት የክፍላችን ልጅ ሰሌዳ ላይ ወጥታ ስትሠራ ዩኒፎርሟን ከኋላ ደም ነክቶት ነበር። ወንዶቹ ሳቅን። አልዋሽም፣ እኔም ስቄያለሁ። ልጅቷ ጠመኔውን አስቀምጣ ወጣች፤ ለአንድ ሳምንትም አልመጣችም። ከዚያ በኋላ በየወሩ ሦስት አራት ቀን ትቀር ነበር። እኛ ሰንፋ ይመስለን ነበር። ዘንድሮ እዚህ ትምህርት ቤት የለችም።

ነገሩ የገባኝ ታላቅ እህቴ ከትምህርት ስትቀር ነው። እናቴን «አሟት ነው እንዴ?» ብዬ ስጠይቃት «ሞዴስ መግዣ አጥሮን ነው» አለችኝ። በጣም አፈርኩ።

አሁን ወደ ሐሳቤ ልምጣ። አባቴ የሰፈራችን እድር ጸሐፊ ነው። ሰው ሲሞት ወዲያው ድንኳን ይተከላል፣ ወንበሩና ድስቱ ይወጣል፣ ለሐዘንተኛው ገንዘብ ይሰጣል። ሀብታሙም ድሃውም እኩል ያዋጣል። ታዲያ ለሞተ ሰው እንዲህ የሚተባበር ሰፈር፣ በሕይወት ላለችና መማር ለምትፈልግ ልጅ ለምን አይተባበርም?

ይህን ለአባቴ ስነግረው «የእድሩ ገንዘብ በደንቡ ለሐዘን ነው። ለሌላ ነገር ካዋልነው ነገ ሰው ሲሞት ምን ልንል ነው?» አለኝ። እውነቱን ነው። ስለዚህ የሐዘኑ ገንዘብ አይነካ። አባላቱ በስብሰባ ተስማምተው ለብቻው ትንሽ ይጨምሩ። 120 አባል ያለው እድር ከእያንዳንዱ በወር 5 ብር ቢሰበስብ በወር 600 ብር፣ በዓመት 7,200 ብር ይሆናል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የሚባለው እኮ ለዚህ ነው።

አንድ ነገር ግን አደራ! በሰልፍ ላይ ስማቸው እየተጠራ ደብተር ሲሰጣቸው አንገታቸውን የደፉ ልጆች አይቻለሁ። መርዳት ጥሩ ነው፣ እያሳፈሩ መርዳት ግን ጥሩ አይደለም። ስለዚህ በገንዘቡ ሞዴስ፣ ሳሙናና የውስጥ ሱሪ ተገዝቶ ሴት መምህራን ጋ ይቀመጥ። የፈለገች ልጅ ሄዳ ትውሰድ፤ ስሟም አይለጠፍ። ሒሳቡን ግን እድሩ በየጊዜው ይቆጣጠር።

ይህ ትንሽ ነገር እንዳይመስላችሁ። ወ/ሮ ፍሬወይኒ መብራህቱ እየታጠበ ደጋግሞ የሚያገለግል የንጽሕና መጠበቂያ ሠርተው በመቀሌ ፋብሪካ አቋቁመዋል። በዚህም ሥራቸው በ2012 ዓ.ም ሲኤንኤን የተባለው የቴሌቪዥን ጣቢያ የዓመቱ ጀግና ብሎ ሸልሟቸዋል። ዓለም ጀግንነት ያለውን ነገር እኛ ነውር ልንለው አይገባም።

እኛ ወንዶችስ? ገንዘብ ባይኖረን ጉልበት አለን። የሴቶቹ መጸዳጃ ቤት ውኃ ሲያጣ በጀሪካን ቀድተን በርሚሉን እንሙላ። ከሁሉም በፊት ደግሞ መሳቅ እናቁም። ሳቅ ምንም አያስወጣም፣ አንዲትን ልጅ ግን ከትምህርት ቤት ያስወጣል።

አባቴ ሐሳቡን ለሚቀጥለው የእድር ስብሰባ አቀርባለሁ ብሎኛል። እናንተም ዛሬ ማታ ለእናትና አባታችሁ ንገሩ። የእነሱም እድር ይወያይበት።

ያቺን ልጅ መንገድ ላይ ካገኘኋት ይቅርታ እጠይቃታለሁ። እስከዚያው ይህችን ጽሑፍ ለእሷ ጽፌያለሁ።

 

ከ8ኛ «ለ» ክፍል፣ የሚኒ ሚዲያ ክበብ አባል