ኪሊማንጃሮ ስትሄዱ ቀን አትቆጥቡ

ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ነበር። ከኪቦ ማደሪያ ከተነሳን ሦስት ሰዓት ሆኖናል። የ16 ዓመቱ ልጄ ለሦስተኛ ጊዜ አስመለሰው። «ደህና ነኝ እማ፣ እንቀጥል» አለኝ። ግን ምላሱ ይተሳሰር ነበር፤ ሲራመድም እንደ ሰከረ ሰው ይንገዳገዳል። መሪያችን ክንዱን ያዝ አድርጎ በባትሪው ፊቱን አየውና ወደ እኔ ዞረ። «ማማ፣ ከዚህ በኋላ የምንሄደው ወደ ታች ነው።»

ተከራከርኩት። የስንት ወር ቁጠባ ነው! ለዘመድ ለጎረቤት ሁሉ አውርተናል። ደግሞም 5,000 ሜትር አልፈናል። እሱ ግን የልጄን ቦርሳ ከጀርባው አውርዶ ራሱ አነገተና ቁልቁለቱን ጀመረ። ሲነጋ ሆሮምቦ ማደሪያ ደረስን። ልጄ ሾርባ ጠየቀ። እኔ ያን ጊዜ ነው ያለቀስኩት።

ትምህርት ቤት ሊዘጋ ሲቃረብ ስለ ኪሊማንጃሮ የሚጠይቁኝ ወላጆች ይበዛሉ። ስለ ጫማና ስለ ጃኬት ከመናገሬ በፊት ይህን ያስቀደምኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ልጄን ያሳመመው ተራራው ብቻ አልነበረም። አዲስ አበባ ተቀምጬ፣ ሁለት ዋጋ አወዳድሬ፣ የስድስቱን ቀን ትቼ የአምስቱን ቀን ጉዞ የመረጥኩት እኔ ነኝ።

ክረምቱ ለእኛ፣ በጋው ለእነሱ

ኪሊማንጃሮ 5,895 ሜትር ከፍታ ያለው የአፍሪካ ትልቁ ተራራ ነው። ሺራ፣ ማዌንዚና ኪቦ የተባሉ ሦስት የእሳተ ገሞራ አናቶች አሉት። ሁለቱ ፈጽሞ የጠፉ ናቸው። ጫፉ ያለበት ኪቦ ግን ያንቀላፋ ነው፤ በጉድጓዱ ውስጥ ዛሬም የድኝ ጋዝ የሚወጣባቸው ቀዳዶች አሉ።

ለኛ ቤተሰቦች መልካሙ ዜና የወቅቱ ነገር ነው። እዚህ ዝናቡ በሚበረታበትና ልጆች ቤት በሚውሉበት በሐምሌና በነሐሴ እዚያ ደረቅ ነው። ሌላው ደረቅ ወቅት ጥርና የካቲት ነው። ከመጋቢት እስከ ግንቦት ግን ዋናው ዝናባቸው ስለሆነ ተዉት። ሐምሌና ነሐሴ ቀዝቃዛም፣ ሰው የሚበዛበትም ጊዜ ነው፤ በተለይ በማራንጉ መንገድ የማደሪያዎቹ አልጋ የተቆጠረ ስለሆነ ከወራት በፊት ማስያዝ ያስፈልጋል።

ፈቃዱን ማን ያወጣል? ስንት ነው?

ኪሊማንጃሮ ብሔራዊ ፓርክ ነው፤ በራሳችሁ ብቻ መውጣት አይፈቀድም። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1991 ጀምሮ ፈቃድ ያለው መሪ መያዝ ግዴታ ሆኗል። ፈቃዱን የሚያወጣውና ለፓርኩ የሚከፍለው ፈቃድ ያለው አስጎብኚ ድርጅት ነው። እናንተ በር ላይ ስትደርሱ መዝገብ ላይ ስማችሁን፣ ዕድሜያችሁንና የፓስፖርት ቁጥራችሁን ሞልታችሁ ትፈርማላችሁ። ስለዚህ ድርጅት ስትመርጡ ፈቃዳችሁንም አብራችሁ እየመረጣችሁ ነው።

እስካሁን ባለው ታሪፍ አንድ የውጭ ጎልማሳ በቀን 70 ዶላር የፓርክ ክፍያ፣ በማራንጉ ማደሪያ ለአንድ ሌሊት 60 ዶላር (በድንኳን ከሆነ 50)፣ ለአንድ ጉዞ ደግሞ 20 ዶላር የነፍስ አድን ክፍያ አለበት። በዚህ ሁሉ ላይ 18 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ይታሰባል። ከ16 ዓመት በታች ላሉ ክፍያው ይቀንሳል። «ጎረቤት አገር ነን» ብላችሁ ቅናሽ እንዳትጠብቁ፤ ኢትዮጵያ የምሥራቅ አፍሪካ ማኅበረሰብ አባል ስላልሆነች የምንከፍለው እንደ አውሮፓዊው ነው።

እስቲ እናስላው። በማራንጉ ስድስት ቀንና አምስት ሌሊት ለአንድ ሰው 740 ዶላር፣ ከታክሱ ጋር 870 ዶላር ገደማ ይሆናል። ይህ ለፓርኩ ብቻ ነው። ምግብ፣ መኪና፣ መሪ፣ ምግብ አብሳይና ተሸካሚ ገና አልተከፈለም። አንድ ድርጅት «ስድስት ቀን በ1,000 ዶላር» ካላችሁ ከማን ጉሮሮ እንደሚነጠቅ አስቡ። ብዙውን ጊዜ ከተሸካሚው ነው። የአንድ ተሸካሚ ሸክም ከ20 ኪሎ እንዳይበልጥ ደንብ አለ፤ ሸክሙም በር ላይ ይመዘናል። ደሞዙ ስንት እንደሆነ፣ በቀን ስንቴ እንደሚበላ፣ ምን ላይ እንደሚተኛ ለመጠየቅ አትፈሩ። ሞሺ ከተማ የተሸካሚዎችን አያያዝ የሚከታተል ድርጅት ስላለ፣ አስጎብኚያችሁ ከእሱ ጋር ይሠራ እንደሆነ ጠይቁ። ለቲፕ የሚሆን ገንዘብም ለብቻ ያዙ።

«እኛኮ ደገኞች ነን»

የአምስቱን ቀን ስመርጥ ያታለለኝ ይህ ሐሳብ ነው። የምንኖረው 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ እንጦጦን በየሳምንቱ እንወጣለን። የመጀመሪያው ማደሪያ ማንዳራ 2,720 ሜትር ነው፤ እውነትም እንደ ቤታችን ነበር። ከዚያ በኋላ ግን የማራንጉ መንገድ በአንድ ቀን 1,000 ሜትር ይዘልላል፦ ሆሮምቦ 3,720፣ ኪቦ 4,700 ገደማ። ሐኪሞች ደግሞ ከ3,000 ሜትር በላይ የምታድሩበት ከፍታ በአንድ ሌሊት ከ500 ሜትር በላይ ባይጨምር ይመክራሉ። ደገኛ መሆን የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀናት ያቀልላል እንጂ ከዚያ በላይ ያለውን አይሸፍንም። ጫፉ ላይ የሚገኘው ኦክስጅን ባሕር ጠረፍ ካለው ግማሽ ያህል ነው።

ስድስተኛው ቀን ሆሮምቦ ላይ የምታድሩበት ተጨማሪ ሌሊት ነው። ቀን ወደ ላይ ወጥታችሁ ማታ ተመልሳችሁ እዚያው ትተኛላችሁ፤ ሰውነት የሚለምደው ያን ጊዜ ነው። ያችን ቀን በመዝለል ለሁለታችን 300 ዶላር ገደማ ከፓርክ ክፍያ ቆጠብኩ። ቀሪውን አይታችሁታል። አቅሙ ካለ በማቻሜ ሰባት ቀን፣ በሌሞሾ ስምንት ቀን መሄድ ከዚያም ይሻላል። መሪዎቹ ቀኑን ሙሉ «ፖሌ ፖሌ» ይላሉ፤ ቀስ በሉ ማለት ነው። በኛ ቋንቋ ደግሞ እንቁላልም ቀስ በቀስ በእግሩ ይሄዳል።

ከቤት ሳትወጡ

የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ያዙ፤ ከኢትዮጵያ ለሚገባ መንገደኛ ይጠየቃል። ካልተከተባችሁ ቢያንስ ከጉዞው 10 ቀን በፊት ተከተቡ። የቪዛውን ነገር ከታንዛኒያ ኤምባሲ አስቀድማችሁ አጣሩ፤ ባንክ ዶላር ሲሸጥላችሁም ቪዛና ትኬት ስለሚጠይቅ ቅደም ተከተሉን አታዛቡ። ከአዲስ አበባ ወደ ኪሊማንጃሮ አውሮፕላን ማረፊያ ቀጥታ በረራ አለ፤ ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ይወስዳል።

በነሐሴ መጀመሪያ የምትሄዱ ከሆነ ፍልሰታ ነው። የጾም ምግብ እንደምትፈልጉ፣ ሥጋ ብቻ ሳይሆን ወተትና እንቁላልም እንደማይገባበት ለድርጅቱ በጽሑፍ አስታውቁ። ምግብ አብሳዮቹ ካወቁ ይችሉበታል፤ እላይ ከደረሱ በኋላ ግን ገበያ የለም። ቆሎና በሶ ይዛችሁ ሂዱ። ከፍታ የምግብ ፍላጎት ሲዘጋ ልጄ እምቢ ያላለው ቆሎ ብቻ ነበር።

የሚጣል የፕላስቲክ ውኃ ጠርሙስ ወደ ተራራው አይገባም፤ የሚሞላ ኮዳ ያዙ። ወፍራም የመኝታ ከረጢትና ጃኬት ሞሺ ላይ ይከራያል። ጫማ ግን አትከራዩ፤ ከሁለት ወር በፊት ገዝታችሁ እንጦጦና ዝቋላ ላይ አለማምዱት። ለከፍታ ሕመም የሚታዘዝ መድኃኒት አለ፤ በተለይ ለልጆች ያለ ሐኪም ምክር አትስጡ።

አንድ የሚያስደስት ነገር ልጨምር። ስዋሂሊ ሰዓት የሚቆጥረው እንደኛው ነው። ወደ ጫፉ የሚነሳው እኩለ ሌሊት ላይ ነው፤ መሪው በቋንቋው «ሳ ሲታ» ቢል ስድስት ሰዓት ማለቱ ነው።

ታናናሾቹስ?

ከ10 ዓመት በታች ያለ ልጅ ወደ ጫፉ እንዲወጣ ፓርኩ አይፈቅድም። እነሱን ይዛችሁ ከማራንጉ በር እስከ ማንዳራ ደርሳችሁ መመለስ ትችላላችሁ። መንገዱ በጥቅጥቅ ደን ውስጥ ነው፤ ማንዳራ አጠገብ ማውንዲ የተባለ ትንሽ የእሳተ ገሞራ ጉድጓድም አለ። የአንድ ቀን ክፍያ ብቻ ነው፤ ማታ ሞሺ ገብታችሁ ትተኛላችሁ።

ከመነሳታችሁ በፊት ተስማሙ

የመጨረሻው ዝግጅት ገንዘብ አይጠይቅም። ማን ሲታመም ማን አብሮት እንደሚመለስ እቤት ሳላችሁ ወስኑ፤ መሪው «ይበቃል» ካለ ክርክር እንደሌለ ልጆቹ እየሰሙ ተናገሩ። ራስ ምታት ብቻ ከሆነ ማረፍና ውኃ መጠጣት ሊበቃ ይችላል። የሚንገዳገድ፣ ንግግሩ የሚዛባ ወይም ተቀምጦም ትንፋሽ የሚያጥረው ሰው ግን ሌሊትም ቢሆን ወዲያው መውረድ አለበት። እኔ ይህን አስቀድሜ ባለማሰቤ በዚያ ብርድ፣ ልጄ እየተንገዳገደ፣ ከሚያድነው ሰው ጋር ተጨቃጨቅሁ።

በዚህ ነሐሴ ተመልሰን እንሄዳለን። በማቻሜ መንገድ፣ ሰባት ቀን። ልጄ ዋጋውን አይቶ «ስድስት ቢሆንስ?» አለኝ። አይሆንም አልኩት።