«በቃኝ» ያለ ልጅ አይቆለፍበት

ለዓመታት በየቀኑ ሲጠጣ የኖረ ልጅ አንድ ቀን «ከእንግዲህ በቃኝ» ሲል ቤተሰቡ እፎይ ይላል። አንዳንዱም ቃሉን እንዳያጥፍ በር ቆልፎበት ያድራል። ደስታው ተገቢ ነው፤ መቆለፉ ግን አደገኛ ነው።

አልኮል አንጎልን ያደነዝዛል። በየቀኑ ሲጠጣ የኖረ ሰው አንጎል ድንዛዜውን ለመቋቋም ራሱን ከልክ በላይ ያነቃል። መጠጡ በድንገት ሲቋረጥ ያ መነቃቃት ልጓም ያጣል። በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ላብ ያጠምቃል፣ እንቅልፍ ይጠፋል። አንዳንዱን በሁለት ቀን ውስጥ እንደ ሚጥል በሽታ ያንፈራግጠዋል። ከሁለተኛው እስከ አራተኛው ቀን ድረስ ደግሞ መቃዠት፣ የሌለ ነገር ማየት፣ ትኩሳትና የልብ ምት መፍጠን ሊከተል ይችላል። ይህን «ለክፎት ነው» ብሎ ማሰር ወይም እስኪያልፍለት መጠበቅ ሕይወት ሊያሳጣ ይችላል። ምልክቱ ከታየ ሌሊትም ቢሆን ወደ ድንገተኛ ክፍል ውሰዱት።

ስለዚህ ጠዋት ሳይቀምስ እጁ የማይረጋለት፣ ወይም ከዚህ በፊት ሲያቆም ያንፈራገጠው ሰው ከማቆሙ በፊት ሐኪም ይየው። አዲስ አበባ ላላችሁ አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል አለ፤ ሌላ ቦታ ያላችሁ በቅርብ ካለው ሆስፒታል ጀምሩ። ሐኪሙ እንደ ዲያዜፓም ያለ መድኃኒት መጠኑን እየቀነሰ ለጥቂት ቀናት ሊሰጠው ይችላል። ቫይታሚን ቢ1ም ይጨምርለታል፤ ብዙ የሚጠጣ ሰው ይህ ቫይታሚን ሲያልቅበት አንጎሉ ይጎዳልና።

ከዚያ በኋላ የምክር ክትትል ይቀጥላል። የመጠጥ አምሮት የሚቀንሱ፣ እንደ ናልትሬክሶን ያሉ መድኃኒቶችም አሉ። ዳይሰልፊራም የሚባለው ግን በላዩ ላይ ከተጠጣ ያስመልሳል፣ ልብ ያስመታል፤ ሳያውቅ በምግብ ደብቃችሁ እንዳትሰጡት። ጠበል የሚሄድም ይሂድ፤ መድኃኒቱን ግን አያቋርጥ።

አያቶች ደግሞ አንድ ነገር እንለምናችሁ፦ በዓመት በዓል «ጠላውን ለበረከት ቅመስ» አትበሉት፤ ቡና አፍሉለት። ተመልሶ ቢጠጣም ሕመሙ አገረሸ ማለት ነው እንጂ ልፋቱ ሁሉ ከንቱ ቀረ ማለት አይደለም። ከመስደብ ይልቅ የሐኪም ቀጠሮው መቼ እንደሆነ ጠይቁት፤ አብራችሁትም ሂዱ።