ፋብሪካ የሌለው መሣሪያ

በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. ፈንታሌ አካባቢ ምድር ደጋግማ ስትንቀጠቀጥ ንዝረቱ አዳማና አዲስ አበባ ድረስ ተሰምቷል። ስምጥ ሸለቆ ውስጥ የተቀመጠ ከተማ የወለሉን ንዝረት በገዛ መሣሪያው መለካት ቢያምረው አይፈረድበትም።

ዕቃው ደግሞ የሚያስፈራ አይደለም። ጂኦፎን የሚባለው መለኪያ ማግኔትና በሞላ የተንጠለጠለ የሽቦ ጥቅልል ነው፤ መሬት ሲነቃነቅ ጥቂት ኤሌክትሪክ ያመነጫል። ያንን ወደ ቁጥር የሚለውጥ ቺፕና ቁጥሩን በዩኤስቢ የሚልክ ትንሽ ቦርድ ሲጨመርበት፣ ለአዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ የኤሌክትሮኒክስ ተማሪ የመመረቂያ ሥራ ይወጣዋል። በሰከንድ 100 ንባብ፣ እያንዳንዱም 4 ባይት ቢሆን የሚተላለፈው 400 ባይት ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣው የመጀመሪያው ዩኤስቢ እንኳ በሰከንድ እስከ 12 ሜጋቢት ይሸከም ነበር።

ጣጣው ሌላ ነው። ይህን መሣሪያ ያመረተ ፋብሪካ ስለሌለ ድራይቨር የያዘ ሲዲ አብሮት አይመጣም። ታዲያ ኮምፒውተሩ በምን ይግባባዋል?

ሊኑክስ ላይ ነገሩ ከሚገመተው ይቀላል። ገመዱ እንደተሰካ የሥርዓቱ እምብርት የሆነው ከርነል የመሣሪያውን ማንነት ይጠይቃል፤ መሣሪያውም የአምራቹንና የምርቱን መለያ ቁጥር፣ የየትኛው ምድብ እንደሆነም ይናገራል። ሠሪው ቦርዱን እንደ ሲሪያል ፖርት፣ ወይም ኪቦርድና ማውስ በሚገኙበት ምድብ ካስመዘገበው ድራይቨሩ ቀድሞውኑ ከርነሉ ውስጥ አለ። የራሱን ፕሮቶኮል ቢፈጥርም ሊብዩኤስቢ የተባለ ነፃ ላይብረሪ ስላለ፣ ከርነሉን ሳይነካ ከተራ የፓይተን ፕሮግራም ሊያዘው ይችላል። ጀማሪውን የሚያሰናክለው አብዛኛውን ጊዜ የፈቃድ ክልከላ ነው። ብዙዎች ፕሮግራሙን በሱዱ፣ ማለትም በአስተዳዳሪ ሥልጣን፣ አስነስተው ያልፉታል፤ መጥፎ ልማድ ነው። ይህ መለያ ቁጥር ያለው መሣሪያ ሲሰካ ለተራ ተጠቃሚ ይከፈት የሚል አንድ መስመር የዩዴቭ (የሊኑክስ መሣሪያ አስተዳዳሪ) ደንብ ጉዳዩን ይጨርሰዋል።

የመለያ ቁጥሩ ነገር ግን የራሱ ፖለቲካ አለው። የአምራች ቁጥር የሚሸጠው የዩኤስቢ አምራቾች ማኅበር ሲሆን ዋጋው በሺዎች ዶላር ነው። ተማሪ ከየት ያመጣዋል? ለዚህ ሲሉ በጎ ፈቃደኞች 1209 በሚባለው የአምራች ቁጥር ሥር ለክፍት ፕሮጀክቶች የምርት ቁጥር በነፃ ያድላሉ። የሌላውን ቁጥር መጋራት መዘዝ አለውና ይህ ትንሽ ውለታ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2022 ኡቡንቱ 22.04 ሲወጣ፣ ሲኤች340 የሚባለውን ርካሽ ቺፕ የተሸከሙ የአርዱይኖ ቦርድ ቅጂዎች በተሰኩ በቅጽበት ከኮምፒውተሩ ይሰወሩ ጀመር። ጥፋተኛው ለዓይነ ስውራን የብሬይል ማሳያ የሚያገለግል ፕሮግራም ሆኖ ተገኘ። አንድ የብሬይል ማሳያ በዚያው ቺፕ፣ በዚያው ቁጥር ይሠራ ስለነበር ፕሮግራሙ ቦርዱን የራሱ መስሎት ይነጥቀው ነበር። የከርነሉን መዝገብ ያነበበ ሰው ነጣቂውን በስሙ ተጽፎ ያገኘዋል፤ ያላነበበው ደህናውን ቦርድ ተበላሽቷል ብሎ ይጥላል።

ከዚህ የባሰውን ያደረገ ኩባንያ አለ። እ.ኤ.አ. በ2014 የዩኤስቢ ቺፕ አምራቹ ኤፍቲዲአይ ያወጣው የዊንዶውስ ድራይቨር፣ አስመስለው የተሠሩ ቺፖችን የምርት ቁጥር ወደ ዜሮ እየቀየረ ከጥቅም ውጭ ያደርጋቸው ነበር። ዕቃውን በቅን ልቦና የገዛው ሰው ምን አጠፋ? የሊኑክስ ሰዎች በዚያው ዓመት ዜሮ ቁጥር የተሰጣቸውንም እንዲቀበል ድራይቨራቸውን አሻሻሉ። ቅጂው ከዋናው ይልቅ በቀላሉ ለሚገኝበት አገር የትኛው ወገን እንደሚበጅ ለዚህ ዓምድ አቅራቢ ግልጽ ነው።

እንግዲህ ሙግቱ ከተማሪ ቦርድ ያልፋል። በስምጥ ሸለቆ ከተሞች ላቦራቶሪ፣ የእርሻ ምርምር ወይም የውሃ ቢሮ የመለኪያ መሣሪያ የሚገዛ ሁሉ ስለ ዋስትናና ስለ መለዋወጫ በጨረታ ሰነዱ ይጠይቃል፤ መሣሪያው በዩኤስቢ የሚናገረው ፕሮቶኮል በጽሑፍ ይቅረብ ብሎ መጠየቅ ግን ብዙም አልተለመደም። የጥቂት ገጽ ሰነድ ነው። እሱ ካለ፣ የአምራቹ ሶፍትዌር በአዲሱ ዊንዶውስ አልሠራ ቢል እንኳ አንድ ፕሮግራመር ንባቡን ያወጣዋል።

ለተገዛውና ሰነድ ለሌለውም ዘዴ አይጠፋም። የአምራቹ ፕሮግራም ሊኑክስ ላይ በቨርቹዋል ማሽን ውስጥ ይነሳል፤ ዩኤስቢሞን የተባለው የከርነል ክፍል በገመዱ የሚመላለሰውን ሁሉ ይቀዳል፤ የተቀዳው ዋየርሻርክ በተባለ ፕሮግራም ይነበባል። መሣሪያው ለምሳሌ ሙቀት የሚለካ ከሆነ፣ ሙቀቱን ዝቅ ከፍ እያደረጉ የትኛው ባይት እንደሚለወጥ መከታተል ሳምንታት ሊፈጅ የሚችል አሰልቺ ሥራ ነው፤ ብዙ የሊኑክስ ድራይቨሮች የተጻፉት ግን በዚህ መንገድ ነው።